ሻካራው ድምፅ ይጽዳ ወይስ ይቆይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የሙዚቃ ዓምድ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልን። እኛ አራት የባሕር ዳር ልጆች ነን፤ ባንድ አቋቁመን የሮክ ሙዚቃ በአማርኛ መጫወት ከጀመርን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ አጎቴ ጣና ዳር ያለውንና ሰው የማይኖርበትን ቤቱን ለአሥር ቀን ሰጠን። መስኮቶቹን በፍራሽና በብርድ ልብስ ደፍነን፣ ስምንት መስመር ባለው የመቅጃ መሣሪያና በተዋስናቸው ሰባት ማይኮች ዘጠኝ ዘፈኖች ቀዳን። ድራሙ፣ ሁለቱ ጊታሮችና ቤዙ አንድ ላይ ነው የተቀዱት፤ ቮካሉ (የዘፋኙ ድምፅ) ብቻ በኋላ ገባ። አልበሙን ለማሳተም ገንዘብ ሊያወጡልን ቃል የገቡ አንድ ሰው ግን ከሰሙት በኋላ «ይህ ገና ልምምድ ነው፤ ቆሻሻ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ወስደን ድራሙን በኮምፒውተር እናስተካው፣ ጊታሩም ይለስልስ፤ አለዚያ ገንዘቤን አላወጣም» አሉን። ድምፃዊያችን ደግሞ የኒርቫና ባንድ በሦስተኛው አልበሙ ላይ እንዲሁ ተብሎ እንደ ነበር አንብቦ «እነሱ እንቢ ብለው አሸንፈዋል፣ እኛም እንቢ እንበል» እያለ ይሟገታል። ነገሩ እውነት ነው ወይ? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል? እያንዳንዱን ትራክ (የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅጂ) ለየብቻው በፍላሽ ልኬልዎታለሁ።
የቤዝ ተጫዋቿ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እኅቴ፣ ፍላሹ ደርሶኝ ዘጠኙንም ዘፈኖች በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ስለ ሥራችሁ የማምንበትን ከመናገሬ በፊት ግን የድምፃዊያችሁን ማስረጃ ማቃናት አለብኝ፤ የነገራችሁ ታሪክ እውነት ቢሆንም ግማሹ ቀርቷል፣ ለእናንተ የሚበጃችሁም የቀረው ግማሽ ነው።

አሜሪካዊው የሮክ ባንድ ኒርቫና እ.ኤ.አ. በ1991 «ኔቨርማይንድ» የተባለውን ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ ቀረጻውን የመራው ቡች ቪግ፣ ሚክሱን (ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠንና ማዋሃዱን) የሠራው ደግሞ አንዲ ዋላስ ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በጥር 1992 የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት አውርዶ ቦታውን ያዘ፤ እስከዚያ ድረስ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮኖችና የትንንሽ ክበቦች ሙዚቃ የነበረው አልተርኔቲቭ ሮክም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዋናው ገበያ ገባ። ድምፃዊው ከርት ኮቤይን ግን ስኬቱን አግኝቶም የአልበሙ ድምፅ ከመጠን በላይ ለስልሷል እያለ በተደጋጋሚ ይናገር ነበር። ስለዚህ ለሦስተኛው አልበም፣ ማለትም ለ«ኢን ዩትሮ»፣ የተመረጠው ሰው ሻካራና ምንም ባልተቀባቡ ቅጂዎቹ የታወቀው የቺካጎው ስቲቭ አልቢኒ ሆነ።

አልቢኒ ፕሮዲውሰር ተብሎ መጠራትን አይወድም ነበር። (በእኛ አገር ፕሮዲውሰር ስንል ገንዘብ የሚያወጣውን ሰው ማለታችን ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ቃሉ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራውን የሚመራውንና የድምፁን መልክ የሚወስነውን ሰው ያመለክታል። ሁለቱን ባለመለየት የተቃቃሩ ብዙ ወጣቶች አውቃለሁና እናንተም ውል ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን ማለታችሁ እንደ ሆነ ተነጋገሩ።) በአልበም ልባስ ላይ ስሙ እንዲሰፍር የሚፈልገው «የቀዳው» በሚል ብቻ ነበር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለባንዱ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ላይ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ እንዲከፈለው ጠየቀ፤ ሠርቶ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል እንጂ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ ድርሻ መውሰድ የሙዚቃውን ባለቤቶች መቀማት መስሎ ይታየው ነበር። በዚሁ መሠረት 100,000 ዶላር በቁርጥ ተቀበለ፤ ከሽያጩ ግን ምንም አልወሰደም።

ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1993 በሚኒሶታ ግዛት፣ ካነን ፎልስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለው ፓኪደርም ስቱዲዮ ነው። ወሬው እንዳይሰማ ስቱዲዮውን የተከራዩት «ዘ ሳይመን ሪቺ ግሩፕ» በሚል የውሸት ስም ነበር። ውጭው በረዶ ነው፤ ከአሳታሚው ኩባንያ የመጣ ሰው የለም፤ ኮቤይን፣ ቤዝ ተጫዋቹ ክሪስት ኖቮሰሊክና ድራመሩ ዴቭ ግሮል አብዛኛውን ሙዚቃ እንደ እናንተ አንድ ላይ ሆነው ተጫወቱ። አልቢኒ በድራሙ ዙሪያ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ማይኮች ተከለ፤ ለሁለት ፈጣን ዘፈኖች ደግሞ ድራሙን ወደ ወጥ ቤት ወስዶ የክፍሉ የራሱ ገደል ማሚቶ በቅጂው ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ኮቤይን አብዛኛውን ቮካል በአንድ ቀን፣ በስድስት ሰዓት ያህል ጨረሰ። ሚክሱ ሲጨመር ሁሉም ነገር ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ።

ድምፃዊያችሁ ይህን ሲያነብ ልቡ የሞቀበት ምክንያት ይገባኛል፤ ሰው የሌለበት ቤት፣ አጭር ጊዜ፣ አብሮ መጫወት። ነገር ግን ፍጥነቱ ከቸልተኝነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዘፈኖቹ አስቀድመው የተለመዱ ነበሩ፤ ከሠላሳው ማይክ እያንዳንዱ ለምን እዚያ ቦታ እንደ ቆመ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ወጥ ቤቱም የተመረጠው ድምፁ ተሰምቶ፣ ተወዶ ነው። ሻካራነቱ ታስቦበት የተሠራ ነበር።

አሁን ወደ አቀባበሉ ልምጣ። አሳታሚው ኩባንያና የባንዱ ሥራ አስኪያጆች ቅጂውን ሲሰሙ አልወደዱትም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 አልቢኒ ይህንኑ ለአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ተናገረ፤ ነገሩን ኒውስዊክ መጽሔት ተቀብሎ አሰፋው፤ ባንዱም በቢልቦርድ መጽሔት ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አሳትሞ ማንም እንዳላስገደደው ገለጸ። እስከዚህ ያለው ድምፃዊያችሁ የነገራችሁ ግማሽ ነው።

የቀረው ግማሽ ይህ ነው። የወሬው ጩኸት ውጭ እየከረረ ሳለ ኮቤይንና ኖቮሰሊክ ቅጂውን ለብቻቸው ደጋግመው ሲሰሙ አንድ ነገር ቅር አላቸው፤ ቤዙና ቮካሉ በበቂ ሁኔታ አይሰሙም ነበር። አልቢኒ ሚክሱን እንደገና ለመሥራት ፈቃደኛ አልሆነም። አልበሙ ከመታተሙ በፊት ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ በሚስተካከልበት የማስተር ሥራ ላይ ቦብ ለድዊግ የሚቻለውን ያህል አቃናው፤ ለሁለት ዘፈኖች ግን ያ አልበቃ ስላለ እነዚያ ሁለቱ ሲያትል ተወስደው በስኮት ሊት እጅ እንደገና ሚክስ ተደረጉ፣ በአንዱም ላይ ኮቤይን አኮስቲክ ጊታርና ተጨማሪ ድምፅ አከለበት። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች የቀሩት አሥሩ አልቢኒ በሠራው ሚክስ ወጡ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት በአሜሪካ ወደ 180,000 ቅጂ ተሽጦ ሰንጠረዡን ከአንደኛ ደረጃ ጀመረ፤ አብዛኞቹ ሐያሲያንም በበጎ ተቀበሉት። ሆኖም ጠቅላላ ሽያጩ «ኔቨርማይንድ» ላይ አልደረሰም፤ ሁለት ታላላቅ የሱቅ ድርጅቶችም በጀርባው ሥዕልና በአንድ ዘፈን ርዕስ ምክንያት አንሸጥም ስላሉ በተከታዩ ዓመት ለእነሱ ብቻ የተለወጠ ልባስ ታተመ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ኮቤይን በ27 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን አልበም እንደ ኑዛዜ አድርጎ ይሰማዋል። እኔ ግን ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተያይተው የተጫወቱት ሙዚቃ ሆኖ ቢሰማ እመርጣለሁ፤ ሲሠራ እንደዚያ ነበርና።

እንግዲህ «እንቢ ብለው አሸነፉ» የሚለው አይበቃም። ሌላ ሰው ለሰማው ጉድለት እንቢ አሉ፤ በገዛ ጆሯቸው ለሰሙት ጉድለት ግን እሺ ብለው አልቢኒን ያህል ሰው ቅር እስከ ማሰኘት ሄደዋል። እናንተ ገና ያላደረጋችሁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ገንዘብ አውጪው ያሉትን አገኘሁ፣ ድምፃዊያችሁ ያለውን አገኘሁ፤ አራታችሁ ተቀምጣችሁ ሰምታችሁ ምን እንደ ጎደለ የተስማማችሁበትን አንድ መስመር ግን አላገኘሁም።

የእኔን ጆሮ ከጠየቃችሁ፣ በመጀመሪያ ድራሙን ማንም እንዳይነካባችሁ። የሲሚንቶው ወለልና የቆርቆሮው ጣሪያ ለስኔሩ (ጥርት ብሎ ለሚጮኸው ከበሮ) የሰጡት ጩኸት፣ በተለይ በአራተኛው ዘፈን ማለቂያ ላይ ድራመራችሁ ብቻውን ሲቀር፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ድምፅ አይደለም። በሦስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ዱላዎቹ እየተጋጩ «አንድ፣ ሁለት» ሲባል ከሐይቁ በኩል የውሃ ወፍ ሁለቴ ይጮኻል፤ ፍራሹ አላስቀረውም፣ እናንተም አታስቀሩት። በሌላ ሰው ድራም ብትተኩት ወፉም ክፍሉም አብረው ይሄዳሉ፣ ጊታሮቹም አብረዋቸው የተጫወቱትን ሰው ያጣሉ፤ አንድ ላይ በተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ ጊታሩ የሚፈጥነውና የሚዘገየው ድራሙን እያየ ነውና።

ይህን የምለው ራሴ አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዛውንት መሰንቆ ተጫዋች ቀድቼ ነበር። በጊዜው አዲስ ያገኘሁትን የማጣሪያ ፕሮግራም ለመጠቀም ስለ ቸኮልኩ ደጋኑ ጭራውን ሲፍቅ የሚሰማውን ፍትግታ አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጬ አጠፋሁት። በማግስቱ ሄድፎኑን አጠለቅሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ በሁለት እጃቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡትና «ልጄ፣ ይህን የሚጫወተው ማነው?» አሉኝ። ያልተነካው ዋና ቅጂ በእጄ ባይኖር ኖሮ መመለሻ አልነበረኝም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዋናውን ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ ለማንም የምትሰጡት ግልባጩን ብቻ ይሁን።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ገንዘብ አውጪው ምንም አልሰሙም ማለት አልችልም። የሰሙት ጉድለት አለ፤ ስሙን ግን ተሳስተዋል። «ጊታሩም ይለስልስ» ያሉት ከጊታሩ በታች መኖር የሚገባው ቤዝ ስለ ሌለ ነው፣ ይህም ያንቺ ትራክ ነው እኅቴ። ቤዙን በሁለት መንገድ ቀድታችሁታል፤ አንደኛው ከጊታሩ በቀጥታ በገመድ፣ ሁለተኛው ከአምፕሊፋየሩ ፊት በቆመ ማይክ። ሁለቱን ለየብቻ ስሰማቸው እያንዳንዳቸው ወፍራምና ጥሩ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲጫወቱ ግን ይከሳሉ። ማይኩ ከአምፕሊፋየሩ አንድ ሜትር ያህል የራቀ ይመስለኛል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ያችን አንድ ሜትር ለማቋረጥ ወደ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በገመዱ የገባው ግን በዚያው ቅጽበት ደርሷል። በዚህ መዘግየት የተነሣ በ170 ሄርዝ (በሰከንድ 170 ርግብግቢት) አካባቢ አንዱ ሞገድ ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ቁልቁል ይወርድና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ የቤዝ ጊታር ሥጋው ያለው ደግሞ በዚያ አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። የማይኩን ትራክ በኮምፒውተሩ ላይ አጉልታችሁ የሁለቱ ሞገዶች ጫፍ እስኪገጥም ድረስ ቀድሞ እንዲጀምር ወደ ግራ ሳቡት። እኔ ለሙከራ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳደርገው ጊታሩን አንድም ነገር ሳልነካው ጩኸቱ ቀነሰ።

ሁለተኛው ጉድለት በስድስተኛው፣ ቀስ ባለው ዘፈን ላይ ነው። ከጊታሩ ሥር እንደ ንብ «እምም» የሚል ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በድንገት ቀጥ ይላል። ከጎን ክፍል ፍሪጅ ነበራችሁ መሰለኝ፤ ሞተሩ ራሱን ያጠፋው ያን ጊዜ ነው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለ ሆነ እምምታው በ50 እና በእጥፎቹ ላይ ይቀመጣል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር ደግሞ 41 ሄርዝ ገደማ ነው። እምምታውን በማጣሪያ ልቁረጥ ያለ ሰው ቤዙንም አብሮ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ማጽዳት ስለማይሠራ የዚያን ዘፈን ጊታር እንደገና ብትቀዱት ይሻላል።

ሦስተኛው ቮካሉ ነው። በሰባቱ ዘፈኖች ላይ በጊታሮቹ መካከል ተጨንቆ መሰማቱን ወድጄዋለሁ፤ በአምስተኛውና በዘጠነኛው ግን ግጥሙ የሚነግረን ነገር እያለው አይሰማም። አማርኛ ጠብቆና ላልቶ ሲነገር ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው፤ የሚጠብቀው ፊደል ከዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ ከተሻከረው የጊታር ድምፅ) ሥር ከጠፋ የሰም ለበስ ስንኝ ወርቁ ይቀራል። ለገንዘብ አውጪው ልታቀርቡ የምትችሉት ሐሳብ እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነዚህን ሁለት ዘፈኖች አዲስ አበባ ወስዳችሁ በጥሩ ስቱዲዮ እንደገና ሚክስ ይደረጉ፣ ከሰባቱ ጋር ጎን ለጎን ይሰሟቸው። ስለ ሁሉም ከመከራከር በሁለቱ ላይ መስማማት ይቀላል፤ እሳቸውም ገንዘባቸው የት እንደ ገባ በጆሯቸው ያውቃሉ። ካልተስማሙ ደግሞ በአክብሮት ተለያዩ። ይህን አልበም ለማውጣት የምትፈልጉት ገንዘብ አንድ ጊዜ ከጠፋባችሁ ድራም ይልቅ በቀላሉ ሊገኝ የሚችል ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ማታ ማታ ጊታሩን ሲጫወት እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ይንጫጫል። «አባዬ፣ ሆን ብዬ ነው» ይለኛል። ሰው ሆን ብሎ ድምፅ ያበላሻል? ደግሞስ ይህ ነገር ከቅኝታችን ጋር ይስማማል?
ከአባይ ማዶ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። በዓቢይ ጾም የሚሰሙትን በገና ያስቡት። አሥሩ አውታሮች ከታች ከሚያርፉበት እንጨት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባባቸዋል፤ ያ የምንወደው እንዝዝታ የሚመጣው አውታሩ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ሲርገበገብ ነው። ቆዳውን ቢያወጡት አውታሩ ንጹሕ ሆኖ ይጮኻል፤ በገና መሆኑ ግን ያጠራጥራል። የሮክ ጊታር ተጫዋችም የሚያደርገው የዚህን ዘመድ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ከሚችለው በላይ ሲገፋው የሞገዱ አናት ይቆረጣል፣ ከተቆረጠውም ቦታ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ረቂቅ ድምፆች ይወለዳሉ። እነዚህ ተጨማሪ ድምፆች ናቸው በጆሮዎ ላይ የሚንጫጩት። ማታ ማታ መሆኑ ግን ከልጅዎ ጋር የሚነጋገሩበት ሌላ ጉዳይ ነው።

የቅኝቱ ጥያቄ የበለጠ ያስደስተኛል። ዲስቶርሽን ያለበት ጊታር ሙሉ ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ የተለያዩ ድምፆች) ሲመታ ድምፁ ስለሚደፈርስ ተጫዋቾቹ ብዙ ጊዜ መሠረቱንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይይዛሉ፤ ዜማውን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘውን ሦስተኛውን ይተዉታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሦስተኛው ክፍት ከሆነ ዘፋኙ በትዝታ ሜጀርም ሆነ በትዝታ ማይነር ቢገባ ጊታሩ አይጣላውም። ባቲ ማይነር እንዲያውም ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ነው፤ ብዙ የሮክና የብሉዝ ጊታር ተጫዋቾች በመጀመሪያ የሚማሩት የአምስት ድምፅ ስኬል ይኸው ነው። ልጅዎ ባቲን በጣቱ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ስሙን ማን እንደ ነገረው ግን አላውቅም፤ ካልተነገረው እርስዎ ይንገሩት።

የሚያስቸግረው አንቺ ሆዬ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ሲሆን በውስጡ ከመሠረቱ ጋር የሚስማማ ሙሉ አምስተኛ የለም። ያን የተለመደ ሁለት ድምፅ ሲ ላይ ከመታ ጂ ይገባና ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ለአንቺ ሆዬ ኮርዱን ትቶ ጊታሩን እንደ መሰንቆ በአንድ አውታር ላይ ዜማውን ቢያስከትለው ይሻላል። ይህ ሁሉ በወሬ የቀረ እንዳይመስልዎት፣ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቷል፤ ሥራውን የመራው አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። በዚያ አልበም ላይ የሮክ ጊታርና የእኛ ዜማ አብረው ሲሄዱ ይሰማል። ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው እንዲሰሙት እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በሮክ ስልት የሠሩት አልበም ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። አስተያየቱ ጥቂት ነው፣ ከጥቂቱም ግማሹ ስድብ ነው። አልበሙ አልተወደደም ብለን እንቁረጥ?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሦስት ሳምንት አይቆረጥም። የእንግሊዙ ባንድ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኦኬ ኮምፒውተር» የተባለውን አልበም አብዛኛውን በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ አንዱን ቮካል እንዲያውም በድንጋይ ደረጃው ላይ ቀድቶ ሲያስረክብ፣ የአሜሪካው አሳታሚ ከሰማው በኋላ የሽያጭ ግምቱን ከሁለት ሚሊዮን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዝቅ አደረገ። አልበሙ በብሪታንያ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ በተከታዩ ዓመት የአልተርኔቲቭ ሙዚቃ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በሥራው የተካኑ ሰዎች እንኳ በመጀመሪያ ጆሮ እንዲህ ይሳሳታሉ። ይህ ማለት ግን ያልተወደደ ሁሉ ቆይቶ ይወደዳል ማለት አይደለም፤ እንዲያ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም።

ከስድቡም ሆነ ከምስጋናው የሚጠቅማችሁን የምትለዩበትን አንድ መንገድ ልንገርህ። አስተያየት የሰጠውን ሰው «በስንተኛው ዘፈን፣ በስንተኛው ደቂቃ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለው ሰው ሰምቷል፤ ቢሳደብም እንኳ ያለውን ጽፋችሁ ያዙና እዚያችው ደቂቃ ላይ ሄዳችሁ ስሙ። መልስ የሌለውን አመስግናችሁ እለፉ። ደግሞም አልበሙን በስልክ ብቻ አትፈትኑት፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዙን ስለማያወጣ አድማጩ የሰማው የአልበሙን ግማሽ ነው። በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ለምናችሁ፣ ጥሩ ስፒከር አስገብታችሁ፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሳትናገሩ ከአንድ እስከ መጨረሻ አሰሙት፤ እናንተም ከኋላ ተቀምጣችሁ ሰዉ የትኛው ዘፈን ላይ ስልኩን እንደሚያወጣ ተመልከቱ። ቀኑን ከነገራችሁኝ እኔም እመጣለሁ።